የ10 አሃዝ ቁጥር አካፋይ እንዴት ይገኛል?

ጠያቂ (ጅማ፣ ሂርማታ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ለሰኞ የሚደርስ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ «4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው? ካልሆነ አካፋዮቹን ፈልጉ» ይላል (ብቸኛ ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው)። የሱቃችን ካልኩሌተር 8 አሃዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ለቡና ሒሳብ አንሶኝ አያውቅም፣ ለዚህ ግን አልበቃም። ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 በእጅ ሞከርን፤ አልተካፈለም። እስከ ስንት እንሞክር?

ጡረተኛ መምህር፦ እስከ ዳግም ዘሩ፣ ማለትም እስከ 65,536 ድረስ። እዚያ ውስጥ ከ6,500 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች ስላሉ ለሰኞ አይደርስላችሁም። ደግነቱ ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት የሚገኝ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ የዚህ ቤተሰብ ቁጥሮች (3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537) ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ቀጣዩም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር አፈረሰበት። ዘዴው እነሆ፦ የዚህ ቁጥር ማንኛውም አካፋይ ለ128 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። (ኦይለር በ64 ነበር የሠራው፤ ወደ 128 ያሳደገው ከእሱ በኋላ የመጣው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ ነው።) ስለዚህ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያላችሁ ሂዱ። 129 እና 513 ለ3፣ 385 ደግሞ ለ5 ስለሚካፈሉ ዝለሏቸው። መልሱን አልነግራችሁም፣ ልጅቷ ታግኘው።

ፕሮግራም ጻፊ፦ እኔ በአሮጌ ኮምፒውተር ሞክሬ ቁጥሩ 1 ነው አለኝ! በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች) የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ከዜሮ ይጀምራል። በእጅ መሥራታችሁ ሳይሻል አይቀርም።

ጠያቂ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። 257 አልሆነም፣ 641 ግን ያለ ቀሪ ገባ! መልሱ 67,417 ወጣ። መልሰን ስናባዛው ግን 43 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ምኑ ላይ ተሳሳትን?

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ጋሼ፣ ዜሮ በልታችኋል። 4,294 ለ641 ሲካፈል 6 ደርሶ 448 ይተርፋል። 9 ሲወርድ 4,489፤ 7 ደርሶ 2 ይተርፋል። ቀጥሎ 6 ሲወርድ 26፣ 7 ሲወርድ 267 ነው፤ ሁለቱም ከ641 ያንሳሉ። እዚያ ሁለት ዜሮ መጻፍ ነበረባችሁ። መልሱ 6,700,417 ነው። እኔም በደመወዝ መዝገብ ላይ በዚሁ ስህተት አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጫለሁ።

ጠያቂ፦ ልክ ነው፣ ደብተሯ ላይ አየሁት። 6,700,417ስ ብቸኛ ነው? አሁንማ በካልኩሌተሩ ይገባል።

ጡረተኛ መምህር፦ የእሱ አካፋይ የትልቁም አካፋይ ስለሚሆን ያው የ128 ደንብ ይሠራል። ዳግም ዘሩ 2,588 ገደማ ነው፤ የምትሞክሯቸው 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው።

ጠያቂ፦ አንዱም አልገባም፤ በ1,409 እንኳ 622 ተረፈ። ልጄ «ብቸኛ አይደለም፤ 641 × 6,700,417» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ካልኩሌተሩን ልውሰድ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል።