የመኪናዬን ዘይት የት ላስቀይር? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የሞተር ዘይት መቀየሪያዬ ደርሷል፤ የት እንደማስቀይር ግን መወሰን አቅቶኛል።

የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ሥራው ያስተማምናል፣ ሂሳቡ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ያለው ቶሎ ይጨርሳል። የሰፈር መካኒክ ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ከእጅ ዋጋው ይልቅ ዘይቱ ነው። የመኪናው መመሪያ 5ደብሊው-30 (5W-30፣ የዘይቱ የውፍረት ደረጃ) ሲንቴቲክ ዘይት ይላል። ከበርሜል ተቀድቶ የሚመጣ ዘይት ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያልሆነ ዘይት ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ሞተሩ ሲበላ ያኔ ማንን ትጠይቃለህ?

ስለዚህ ያሰብኩት ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሴ ገዝቼ፣ ለመካኒኩ የእጁን ብቻ መክፈል ነው። ይህን የሞከራችሁ አላችሁ? በእርግጥ ይቀንሳል? ዘይቱን ፊቴ ክፈቱት ብል ቅር ይላቸው ይሆን? የማፍሰሻውን ብሎን ከመጠን በላይ አጥብቆ ጥርሱን የሚበላ ሰውም አለና፣ ጥሩ እጅ ያለውን በምን ትለያላችሁ?

ሌላው ኪሎ ሜትሩ ነው። መመሪያው በ10,000 ቀይር ይላል፣ መካኒኮች ግን በ5,000 ይሉኛል። እውነት ነው፣ አቧራና መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል መኪና መመሪያው ራሱ ቶሎ ቀይሩ ይላል። የእኔም ውሎ እንደዚያው ነው። ግን በ5,000 ከሆነ የዘይት ወጪዬ እጥፍ ሊሆን ነው። እንዲህ ከሆነ ወኪሉን ጭራሽ አልችለውም። እናንተ የትኛውን ትከተላላችሁ?