የወተት ጥርስ ፋይሎች ንጽጽር፦ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ዓርብ ለገንዘብ ሰጪው ይላካል። በወተት መንጋጋ ጥርስ የሥር ቦይ (በሥሩ ውስጥ ያለው ቀጭን መተላለፊያ) ሕክምና ቦዩን የሚጠርጉ ሁለት ዓይነት ቀጭን መሣሪያዎችን፣ የእጅ ፋይልንና በሞተር የሚሽከረከረውን የኒኬል ቲታኒየም ፋይል፣ እናነጻጽራለን። መለኪያዎቹ ጊዜ፣ ከሕክምና በኋላ የሚሰማ ሕመም፣ የመሙያው ጥራትና የአንድ ዓመት ክትትል ናቸው።

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም፦ ሰዓቱ «ፋይሉ ቦዩ ውስጥ ሲገባ» ይጀምራል የሚለውን አልቀበልም። ለሞተሩ ያደላል። ሞተሩን ማስተካከልና ፋይል መቀየርም ሕፃኑ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው።

መምህር፦ በእጅ ከውፍረት ቁጥር 15 እስከ 35 አምስት ፋይል ነው። የመቀየሪያውን ጊዜ ከደመርን የረዳቷን ቅልጥፍና ለካን ማለት ነው።

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም፦ አምስቱ ፋይል የዘዴው አካል ነው! ይህንን ለመምህር ማስረዳት አለብኝ?

መምህር፦ ቃላትዎን ይምረጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሰዓት መቁጠሪያ ይህን ያህል ክርክር! ያለፈው ሞተር ማን ክሊኒክ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። አዲሱ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ።

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም፦ እኔን ከሆነ በስሜ ይጥሩኝ። ሞተሩ ነገ ይመለሳል።

መምህር፦ ሁለቱም ሰዓት ይመዝገብ፣ ይብቃን።

አዲስ አባል፦ ሞተሩ እንደሚያፈጥን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ብዙ ተጽፏል። ያልጠራው ጥርሱ በጊዜው እስኪወልቅ ድረስ የቱ የተሻለ እንደሚያቆየው ነው። የወተት ጥርስ ቦይ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ስለሆነ ክብ ፋይል ሁሉንም ግድግዳ አይነካም፤ ወፈር ያለው ደግሞ በሥሮቹ መካከል ያለውን ስስ ግድግዳ ሊበሳ፣ ከጫፍ ካለፈም የቋሚውን ጥርስ እምቡጥ ሊጎዳ ይችላል። ክትትሉን ማን ይይዛል?

ጸሐፊ፦ ክትትሉን የወሰዱት አባል ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይመልሱም። ሌላ ፈቃደኛ?

ጸሐፊ፦ ፈቃደኛ ስለጠፋ ክትትሉ ወጥቷል። ጥናቱ በተነቀሉ ጥርሶች ላይ ይሆናል።

አዲስ አባል፦ ታዲያ የሕፃኑ ሕመም የት ሄደ? የተነቀለ ጥርስ አያመውም! ደግሞም የሚነቀሉት አብዛኞቹ ሥሮቻቸው ተበልተዋል፤ ለጥናቱ የሚሆን፣ ሁለት ሦስተኛው ሥር የቀረለት ጥርስ ከየት ይገኛል?

ገንዘብ ያዥ፦ የሥልጠና ገንዘብ ጥያቄ እናድርገው። ሞተሩም ፋይሉም በዚያ ይገዛል።

መምህር፦ እስማማለሁ። ሥልጠናውን እኔ እሰጣለሁ።

የሕፃናት ጥርስ ሐኪም፦ የእጅ ፋይልም ይካተት፤ ጠባብና ጠማማ ቦይ መንገዱ የሚከፈተው በእጅ ነው።

ጸሐፊ፦ ርዕሱን ወደ «ሥልጠና» ለውጫለሁ። የዋጋ ማቅረቢያ እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ።

አዲስ አባል፦ ስሜን ከረቂቁ አውጡ። ንጽጽሩን የሚሠራ ካለ አብሬው ነኝ።