በቴሌቪዥን ችሎት ላይ ጥፋትን ማመን፦ መዘዙ እስከ የት ነው?

ጠያቂ (ፖቶማክ_ዳር)
እንደ ጀጅ ጁዲ ባሉ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ችሎቶች ላይ ተከራካሪዎች ለመርታት ሲሉ የማይባል ነገር ይዘረግፋሉ። አንዷ «ባሌን የኪራይ ውሉ ላይ ያላስገባሁት ሴክሽን ኤይት (የመንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማ) እንዳይቆረጥብኝ ነው» ትላለች፤ ሌላው ደመወዙን በካሽ እየተቀበለ ፉድ ስታምፕ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የምግብ ድጎማ) እንደሚወስድ ያምናል። ያን ሁሉ ሕዝብ እያየ! ፖሊስ በር ላይ የማይጠብቃቸው ለምንድን ነው? ከክስ የሚያድን ሕግ አለ? ሰውየው ባለ ግሪን ካርድ ቢሆንስ?

ጠበል_ጸዲቅ
ከክስ የሚያድን ሕግ የለም። መጀመሪያ ግን ቦታው ፍርድ ቤት አለመሆኑ ይታወቅ። የግልግል ዳኝነት ነው። አዘጋጆቹ ስሞል ክሌምስ በሚባለው፣ አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮችን በሚያየው ፍርድ ቤት የተከፈቱ መዝገቦችን እያዩ ባለጉዳዮችን ይጋብዛሉ፤ ሁለቱም ወገኖች ክሱን ትተው የገላጋዩን ውሳኔ ሊቀበሉ ይፈርማሉ። ከ1996 እስከ 2021 በተላለፈው በጀጅ ጁዲ ላይ የሚፈረደው ገንዘብ ከ5,000 ዶላር አያልፍም ነበር፤ ከፋዩም ተረቺው ሳይሆን ፕሮግራሙ ነበር። ከኪሱ የሚወጣ ስለሌለ አፉን የሚከፍተው ለዚህም ይመስለኛል።

የፕሮግራሙ ገላጋይ ጁዲት ሼንድሊን በእርግጥ የማንሃተን ቤተሰብ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ማሰርም ሆነ ከወንጀል ክስ ነጻ ማድረግ አይችሉም።

የተናገረው ቃል ማስረጃ ይሆናል ወይ? ይሆናል። በፌዴራል የማስረጃ ደንብ 801(ዲ)(2) መሠረት ተከሳሹ ራሱ የተናገረው፣ ዐቃቤ ሕግ ሲያቀርብበት፣ እንደ ስሚ ስሚ ተቆጥሮ ውድቅ አይደረግም። «መብቴ አልተነገረኝም» ማለትም አያዋጣም፤ የ1966ቱ የሚራንዳ ፍርድ የሚመለከተው ፖሊስ ይዞ የሚመረምረውን ሰው ነው። የሕገ መንግሥቱ አምስተኛው ማሻሻያም የሚከላከለው ተገድዶ በራሱ ላይ እንዳይመሰክር ነው፤ እዚህ ያስገደደው የለም። ቪዲዮው የእሱ መሆኑን ማረጋገጥ ደግሞ ቀላል ነው፤ ፊቱም ድምፁም ስሙም አለ።

ይርጋ_ቆጣሪ
ታዲያ ለምን አይከሰሱም ለሚለው፦ አንደኛ፣ ቃል ብቻውን አያስቀጣም። በብዙ ስቴቶች ወንጀሉ መፈጸሙን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ከ1954ቱ የኦፐር ፍርድ ጀምሮ ደጋፊ ማስረጃ ይጠይቃሉ። «የሰው ቼክ ላይ በስሙ እኔ ፈርሜበታለሁ» ቢል የትኛው ባንክ፣ መቼ፣ ስንት ብር የሚለውን መርማሪ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ለ400 ዶላር ጉዳይ ያን ያህል የሚደክም ቢሮ ጥቂት ነው። ቀረጻው ሎስ አንጀለስ፣ ድርጊቱ ጆርጂያ ከሆነ ደግሞ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ምን ቤት ነው?

ይርጋም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ መነሻው ለቀላል ወንጀል 1 ዓመት፣ ለአብዛኛው ከባድ ወንጀል 3 ዓመት ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከባድ ወንጀል በሚባል የማጭበርበር ጉዳይ፣ የዌልፌር (የመንግሥት ድጎማ) ማጭበርበርን ጨምሮ፣ 4 ዓመቱ የሚቆጠረው ድርጊቱ ከታወቀበት ወይም ካበቃበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ነው። ሰውየው በቴሌቪዥን ሲናገር ቆጠራውን ራሱ ሊያስጀምር ይችላል።

ደግሞም ወንጀል ብቻ አይደለም የሚያስፈራው። የቤቶች ባለሥልጣን ድጎማውን ለማቋረጥ የወንጀል ችሎት የሚጠይቀውን ያህል ማስረጃ አያስፈልገውም። በማጭበርበር በተሞላ የታክስ ቅጽ ላይ የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ ታክሱን ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ የለበትም። የፍቺ ወይም የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ያለበት ሰው ከሆነም ቪዲዮውን መጀመሪያ የሚያወርደው የሌላው ወገን ጠበቃ ነው።

ፖቶማክ_ዳር
«አገር ምድሩ አይቶኛል፣ ገለልተኛ ጁሪ አላገኝም» ብሎ ማምለጥስ?

ይርጋ_ቆጣሪ
ማምለጥ አይባልም። ሪዶ በሉዊዚያና ላይ የተባለውን የ1963 ፍርድ ተመልከት። ተጠርጣሪው እስር ቤት ውስጥ ለሸሪፉ ሲናዘዝ የተቀረጸው ፊልም በአካባቢው ቴሌቪዥን 3 ጊዜ ተላለፈ፤ ከጁሪው አባላት 3ቱ አይተውት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ችሎቱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚለው ጥያቄ መከልከሉ ስህተት ነው ብሎ ፍርዱን ሻረ። ሰውየው ግን እንደገና ተከሶ እንደገና ተፈረደበት። በዚያ ላይ ያኛው በሸሪፍ እጅ የነበረ እስረኛ ነው፤ በገዛ ፈቃዱ ስቱዲዮ የሄደ ሰው ክርክሩ ይበልጥ ይከብደዋል።

ኢሚግሬሽን_ነክ
የግሪን ካርዱ ጥያቄ ከሁሉም የከፋው ነው፤ እዚያ ሳይፈረድበትም ሰው ይጎዳል። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 212 ላይ «የተፈረደበት» ብቻ ሳይሆን «ፈጽሜያለሁ ብሎ ያመነ» ሰውም መግባት ሊከለከል ይችላል፤ ወንጀሉ ማጭበርበርን የመሰለ የሥነ ምግባር ጉድለት ያለበት ወይም የዕፅ ከሆነ። ማሪዋና በስቴቱ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ያው ዕፅ ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ግን ከዚህ አይመደብም።

የቴሌቪዥኑ ወሬ በራሱ እንዲህ ያለ «እምነት» ለመሆን ይቸገራል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1957 እንደወሰነው የወንጀሉ ትርጉምና መሠረታዊ ነጥቦች በሚገባው ቋንቋ አስቀድመው ሊነገሩት፣ ከዚያም በፈቃዱ ሊያምን ይገባል። ጁዲ ይህን አያደርጉም። ቪዲዮውን ያየ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ግን የወንጀሉን ትርጉም አንብቦለት፣ አስምሎ ሊጠይቀው ይችላል።

ወጥመዱ ሁለት ቦታ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተቀመጠ ባለ ግሪን ካርድ በሥነ ምግባር ወንጀል ከአገር ለመባረር በአብዛኛው ፍርድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ደርሶ ዳላስ ኤርፖርት ሲመለስ ግን እንዲህ ያለ ጥፋት ፈጽሟል ከተባለ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይና የአንቀጽ 212 ክልከላ ሊነካው ይችላል። ሁለተኛው የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ነው፤ ሳይያዙ የቀሩበትን ወንጀል ጭምር ይጠይቃል። «የለም» ብሎ ቢምልና ቪዲዮው ቢወጣ፣ ከመጀመሪያው ጥፋት ይልቅ ውሸቱ ራሱ መልካም ጠባይ የለውም ያሰኘዋል።

ቢበዛ እስከ 1 ዓመት ብቻ ለሚያስቀጣ አንድ ቀላል ወንጀል፣ የተፈረደው እስራት ከ6 ወር ካልበለጠ፣ ከዚህ ክልከላ የሚያወጣ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ለዕፅ ግን አይሠራም። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጡ ወይም ቅጹን ከመላኩ በፊት የፈረመውን ውል፣ የተቀረጸበትንና የተላለፈበትን ቀን፣ ሙሉውን ቪዲዮ ይዞ ኢሚግሬሽንም ወንጀልም የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። ፌስቡክ ላይ ተቆርጦ የተለጠፈውን ሳይሆን ሙሉውን፤ በማስረጃ ደንቡ ቁጥር 106 የቀረውም ክፍል አብሮ ይታይልኝ ማለት የሚችለው ሲኖረው ነው።