የጁገል ቤታችንን አሮጌ ልስን የት ላስመርምር?

የጁገሏ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ጁገል ውስጥ የእናቴ ቤት አለ፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት። ከስድስት ዓመት በፊት ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰንነው። አሁን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እያበጠ ይረግፋል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። እናቴ በሲሚንቶ እንድገመው ትላለች። እኔ ግን የድሮው ልስን ምን እንደነበር ሳላውቅ መንካት ፈራሁ። ከደረጃው ሥር ሲሚንቶ ያልደረሰበት ቦታ አለ። ዩኒቨርሲቲ ቢመረምርልኝ ደስ ይለኛል። ወዴት ልሂድ? ምን ያህል ልውሰድ?

ድሬ ሲቪል፦
እህቴ፣ ሲሚንቶውን አትድገሙት። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት በጭቃና በኖራ በኩል ወጥቶ ይደርቅ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ዘጋበት። ውሃው ሲተን የሟሟው ጨው እዚያው ክሪስታል ይሆንና ልስኑን ከኋላ ይገፋዋል፤ ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ብትደግሙት እርጥበቱ ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ይወጣል። አቦ፣ እናትሽን ረጋ ብለሽ አስረጂያቸው።

ሸንኮር፦
ለምርመራ ምን አደከመሽ? ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፤ ከፈላ ኖራ ነው።

የማቴሪያል ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ሐረር ላይ ይህ ያሳስታል። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ አሸዋውም ሊፈላ ይችላል። ኖራ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተቃጥሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ተመልሶ ካልሳይት ይሆናል። ካልተቃጠለው ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ማለት ነው። ማዕድናትን በራጅ የሚለየው ኤክስአርዲ እንኳ ብቻውን አይለያቸውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ አሸዋው በወንፊት ከተለየ በኋላ ደቃቁ ክፍል በኤክስአርዲ እንዲታይ፣ ያልተፈጨው ቁራጭ ደግሞ ስስ ሆኖ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ። ሁለተኛውን ጂኦሎጂ ክፍሎች ያውቁታል።

ለማሽኑ ጥቂት ግራም ይበቃል። አንቺ ግን ከሦስት ቦታ እፍኝ እፍኝ የሚሆን፣ በተቻለ መጠን ያልተሰባበረ ውሰጂ። በመሮና በመዶሻ እንጂ በድሪል አይሁን። ነጩን ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ጠርገሽ ለብቻው ያዢ። እያንዳንዱን በላስቲክ አሽገሽ ቦታውንና ከወለሉ ያለውን ከፍታ ጻፊበት፤ ይህ ከሌለ ውጤቱ ብዙም አይጠቅምሽም።

ማቴሪያል ሳይንስ በስፋት የሚሠራባቸው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ጅማ ናቸው። እንደ ግለሰብ ናሙና ይዞ ከመሄድ ግን መጀመሪያ ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ፈልጊ። የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ ካገኘሽ የትብብር ደብዳቤውን እነሱ ያጽፉታል።

ድሬ ሲቪል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው። መሮ ከማንሳትሽ በፊት የቅርስ ቢሮውን አነጋግሪ።

የጁገሏ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴም አንብቤላት ለጊዜው እሺ ብላለች። ሰኞ ቢሮው እሄዳለሁ። ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) ላይ ያለው ቀይ አፈርስ ይወሰድ?

የማቴሪያል ተማሪ፦
አዎ፣ የጥፍር ያህል ከማይታይ ጥግ። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ይመስለኛል፣ ኤክስአርዲ ያሳየናል። ከልስኑ ጋር እንዳይቀላቀልብሽ።