ቻይንኛ በቃላት መሀል ክፍተት ይግባለት?

ሰናይት፦ የዛሬውን ክርክር እኔ ልክፈት። ቻይንኛ ሲጻፍ በቃልና በቃል መሀል ባዶ ቦታ የለም። ሆሄዎቹ ተጠጋግተው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት ተምሬዋለሁ። ሆሄውንስ እንደምንም እሸመድዳለሁ፤ የሚያንገላታኝ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መለየቱ ነው። እንደ እኛ ክፍተት ቢያስገቡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ዳዊት፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ ሳይቸገር የሚያነበውን አንቺ ልታስተካክይለት?

ሰናይት፦ እሺ፣ ቡዳዋ እኔ ልሁን። ናንጂንግ ከተማ ያንግትዜ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ ድልድይ አለ። «ከተማ» የሚለው ሲታከልበት ስሙ በሰባት ሆሄ ይጻፋል፤ «የናንጂንግ ከተማ ያንግትዜ ወንዝ ታላቅ ድልድይ» ማለት ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሆሄ አጣምረህ ካነበብክ ግን «የናንጂንግ ከንቲባ ጂያንግ ዳቺያኦ» የሚባል ሰውዬ ቁጭ ይላል! አራተኛው ሆሄ «ቻንግ»ም «ጃንግ»ም ይባላላ። አንድ ክፍተት ብትገባ ከንቲባው አይወለድም ነበር።

ዳዊት፦ እሱ እኮ የታወቀ ቀልድ ነው። ድልድዩን አይቶ ከንቲባ የሚፈልግ ቻይናዊ የለም። ደግሞ ነገሩ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት የቻይናውያን አንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታተሉ። በቃላት መሀል ክፍተት የገባበትን ጽሑፍ ከተለመደው አስበልጠው አልፈጠኑበትም። እኩል ነው ያነበቡት።

ሰናይት፦ ይኸው፣ ራስህ መሰከርክልኝ! ዕድሜ ልካቸውን ያለ ክፍተት ያነበቡ ሰዎች ያልለመዱትን ነገር ከለመዱት እኩል ካነበቡት፣ ክፍተቱ የሆነ ነገር አግዟቸዋል ማለት ነው። እዚያው ጥናት ላይ የዘገዩት ክፍተቱ ያለ ቦታው ገብቶ ቃሉን ሲበጥሰው ነው።

ፍቅርተ፦ እኔ የምሠራው በሶፍትዌር ነው፤ ከዚህ ጣጣ ጋር ተዋውቀናል። ኮምፒውተር ቻይንኛ እንዲፈልግ ወይም እንዲያነብ ሲደረግ ጽሑፉን በቃል በቃል መቆራረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው ግን ክፍተቱ ላይ አይደለም። «ቃል» ማለት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ስድስት አፍ መፍቻቸው ቻይንኛ የሆነ ሰዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ በቃል እንዲከፋፍሉ ተሰጣቸው። በአማካይ የተስማሙት ከመቶ 76 ገደማ ነው። «ሺዛኦ» ገላ መታጠብ ነው። አንድ ጊዜ ታጠብኩ ለማለት ግን ቃሉን መሀሉ ላይ ከፍተህ ሌላ ነገር ትወትፍበታለህ፦ «ሺ ለ ዪ ጌ ዛኦ»። ታዲያ አንድ ቃል ነው ሁለት?

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ ይሄ ለእኛስ አዲስ ነው? በብራናው ላይ በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ አለ። እኔ ስማር ሁለት ነጥብ የረሳ ማርክ ይቀነስበት ነበር። ዛሬ ጋዜጣው ሁሉ በባዶ ቦታ ተክቶታል። ክፍተቱ ይኑር እንጂ «ቤተ ክርስቲያን»ን አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው አጣብቆ ይጽፋል። «ሥነ ጽሑፍ»ም እንደዚያው። አገር አልፈረሰም።

ሰናይት፦ ጋሽዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የቻይንኛው ሥርዓተ ነጥብም ቢሆን ድሮ እንዲህ አልነበረም። የጥንቱን መጽሐፍ አንባቢው ራሱ ነበር ዓረፍተ ነገሩን እየቆረጠ የሚያነበው። የዛሬዎቹን ምልክቶች የትምህርት ሚኒስቴሩ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ያኔም «ምን ጎደለን?» ያለ አይጠፋም።

ዳዊት፦ ነጥብ ሌላ፣ ክፍተት ሌላ። ኮሪያን እይ፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በጋዜጣ ላይ ክፍተት አስገብተዋል፤ ፊደላቸው ድምፅ ነዋ። ጃፓንን ደግሞ እይ፤ የሕፃናት መጽሐፍ በድምፅ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ክፍተት አለው። ልጁ አድጎ የቻይናውን ሆሄ ሲቀላቅልበት ክፍተቱ ይቀራል። ሆሄው በራሱ ትርጉም ስለሚሸከም ዓይን መያዣ አያጣም።

ሰናይት፦ ጃፓንኛው ላይ በሆሄዎቹ መሀል የድምፅ ፊደል እየገባ ቃሉን ይለይላቸዋል። ቻይንኛ ያ የለውማ! ደግሞ ራሳቸው ቻይናዎቹ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በፒንዪን፣ ሲጽፉ ቃል ይለያሉ። ለዓይነ ስውራን በብሬል ሲጽፉም ይለያሉ። ኪርጊዝስታንና ካዛክስታን ያሉት ዱንጋኖች የቻይንኛ ዘር የሆነ ቋንቋቸውን በሲሪሊክ ፊደል ቃል እየለዩ ይጽፋሉ። ስለዚህ ቃሉ የት እንደሚቆም አይታወቅም የሚለው አያስኬድም።

ዳዊት፦ የዘረዘርሻቸው ሁሉ በድምፅ የሚጻፉ ናቸው። ያለ ክፍተት ቢጻፉ ማን ያነባቸዋል? ግድ ሆኖባቸው ነው።

ፍቅርተ፦ እኔ መሀል ሰፋሪ ልሁንና፣ ለጀማሪ መማሪያ መጽሐፍ ክፍተት ይግባ። ጋዜጣውንና ልብ ወለዱን ተዉላቸው።

ዳዊት፦ በዚያ እስማማለሁ። ግን አንድ ፈተና፦ ሁለታችሁም ያንን የድልድይ ስም ክፍተት አስገብታችሁ ጻፉልኝ። እስክትጨርሱ አትተያዩ።

ሰናይት፦ ናንጂንግሺ ቻንግጂያንግ ዳቺያኦ።

ፍቅርተ፦ ናንጂንግ ሺ ቻንግጂያንግ ዳ ቺያኦ።

ጋሽ መኮንን፦ ከንቲባው ግን የለም።