ሆሳዕና በጥቅምት? የአይሁድ የዳስ በዓልና የእኛ ዘንባባ

የኢየሩሳሌም እንግዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኢየሩሳሌም ነው የምኖረው፤ አንዲት አዛውንት እናትን እንከባከባለሁ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ የዳስ በዓላቸው ሰባተኛ ቀን ነበር፣ እማማን በዊልቸር እየገፋሁ ምኩራብ ወሰድኳቸው። ሴቶቹ ጋ ሆኜ በመጋረጃው ጥግ አየሁ። ወንዶቹ የዘንባባ ዝንጣፊና ሎሚ የመሰለ ቢጫ ፍሬ ይዘዋል። መሐል ላይ ኦሪቱን የያዘ ሰው ቆሟል። እሱን ሰባት ጊዜ ዞሩ። እየዞሩም «ሆሻ ና! ሆሻ ና!» ይላሉ።

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ልጅ ሆኜ የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ፣ የዘንባባ መስቀል ግንባሬ ላይ አስሬ ቤተ ክርስቲያን የዞርኩበት ሆሳዕና ትዝ አለኝ። ቃሉ ያው ነው። ዘንባባው ያው ነው። ዑደቱም ያው።

ፋሲካቸው ወደ ትንሣኤያችን፣ ሃምሳኛው ቀናቸው ወደ ጰራቅሊጦስ እንደመጣ ይገባኛል። የዳስ በዓልስ የት ገባ? ዘንባባው ከጥቅምት ተነሥቶ እንዴት ከፋሲካ በፊት ባለው እሑድ ላይ ደረሰ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዲያቆን

እህቴ፣ በዓይንሽ ያየሽው እኛ በመጽሐፍ የምናነበውን ነው። ዘሌዋውያን 23 ላይ የመልካም ዛፍ ፍሬ፣ ሰሌን፣ የለመለመ ዛፍ ቅርንጫፍና አኻያ ያዙ ይላል። ቤተ መቅደሱ ሳለ መሠዊያውን በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ቀን ሰባት ጊዜ ይዞሩ እንደነበር ሚሽና የሚባለው ጥንታዊ የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ጽፎታል። የሰማሽው ጩኸት ከዳዊት ነው፤ በእኛ መዝሙር 117፣ በዕብራይስጡ 118። «እባክህ፣ አሁን አድን» ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ በእግዚአብሔር ስም የሚመጣ ቡሩክ ነው።

ይህን መዝሙር በፋሲካም ይዘምሩታል። ስለዚህ ለፋሲካ የወጣው ሕዝብ ቃሉ አፉ ላይ ነበር። ዘንባባው ግን የመጸው ነው። የኔ አረዳድ ይህ ነው፦ በየዓመቱ «አድነን» እያሉ የለመኑት ሲመጣ አዩት፤ ጥቅምትን አልጠበቁም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። በእኛ አገር ያ ወቅት ክረምት የሚወጣበት ነው። እዚያ ግን ያኔ ዝናቡ ገና ሊመጣ ነው፣ ምድሩ ከፋሲካ ጀምሮ ደርቋል። ስለዚህ በዳስ በዓል ከሰሊሆም ውኃ እየቀዱ መሠዊያው ላይ ያፈሱ ነበር። ጌታ «የተጠማ ቢኖር ወደ እኔ ይምጣ» ያለው በዚሁ በዓል በመጨረሻው ቀን ነው፤ ዮሐንስ 7 ላይ አለ። ያንን ምዕራፍ ዝናብ እንደናፈቀ ገበሬ ሆነሽ አንብቢው።

ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የተማረ ደግሞ «መጥቅዕ» የሚለውን ቃል ያውቃል። በዓለ መጥቅዕ የእነሱ የመለከት በዓል፣ ከዳስ በዓል ሁለት ሳምንት የሚቀድመው ነው። ጾማችንንና ትንሣኤያችንን ለማውጣት የምንነሣው ከዚያ ነው።

ወንጌላዊ

ዲያቆን፣ የዝናቡን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ተባረክ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ቆላስይስ 2 በዓላቱን ለሚመጣው ነገር ጥላ ይላቸዋል፣ አካሉ ግን የክርስቶስ ነው። ዛሬ ዳስ ካልሠራን የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጴጥሮስም ተራራው ላይ ሦስት ዳስ ልሥራ ብሎ ነበር።

የጎንደር ልጅ

እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ከጎንደር የመጣሁ። የዳስ በዓልን ቤታችን በዓለ መጸለት እንለው ነበር። እህታችን ያየችውን ቢጫ ፍሬ እስራኤል ከመግባቴ በፊት አላውቀውም።

ወንጌላዊ፣ በአክብሮት ነው፤ ለእኛ ጥላ አይደለም። ቤተ መቅደሱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ70 ዓ.ም. ሲቃጠል መሠዊያ የለ፣ መሥዋዕት የለ። ስለዚህ መሠዊያውን ሲዞሩ የነበሩት አይሁድ ኦሪቱን ይዞሩ ጀመር፤ እናንተ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን ትዞራላችሁ። የሁለታችንም ዑደት መነሻ ያ መሠዊያ ይመስለኛል። እህቴ፣ ከዮም ኪፑር (ከማስተሥረያ ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ የሚባል የቤተ እስራኤል በዓል አለ፤ እዚያው ኢየሩሳሌም ነው የምናከብረው። ነይ። ቄሶቻችን በግእዝ ሲጸልዩ ትሰሚያለሽ።

የኢየሩሳሌም እንግዳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዮሐንስ 7ን ትናንት ማታ አነበብኩት። እንዳልከው በዝናብ ናፍቆት ሳነበው ሌላ ሆነብኝ። ወደ ስግድም እመጣለሁ።

ለእማማ እኛም «ሆሳዕና» እንደምንል ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን ያዙና «በየትኛው ዜማ?» አሉኝ። ዘመርኩላቸው። ለሆሳዕና እዚሁ ወዳለው ገዳማችን ዴር ሡልጣን ስሄድ የዘንባባ ቀለበት አመጣሎታለሁ ብያቸዋለሁ። ጣታቸው ስለሚያብጥ ሰፋ አድርጌ ነው የምሠራው።