ጣሪያው የተላጠ፣ የኋላ ጎኑ የሚያበራ ሴዳን፦ የትኛው የቀለም ችግር ነው፣ የትኛው የላሜራ?

ሴዳን ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። 12 ዓመት ያገለገለ መካከለኛ ሴዳን አይቼ ልገዛ እያሰብኩ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ተፈትሾ ደህና ነው ተብሏል፤ ግራ ያጋባኝ ቦዲው ነው። ቀለሙ ግራጫ ሜታሊክ ነው። ጣሪያው ላይ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው፤ ኮፈኑ ላይም መዳፍ የሚያህል ቦታ ነጣ ብሎ ደብዝዟል። የፊት ባምፐሩ ጥግ ላይ ቀለሙ በቁራጭ እየተገነጠለ ጥቁሩ ፕላስቲክ ይታያል። የግራው የፊት መብራት ቢጫ ሆኗል፣ የቀኙ ግን ጥርት ያለ ነው። የቀኝ የኋላ በርና የኋላ ፓራፋንጎ ከሁሉም በላይ ያበራሉ፤ ሆኖም ከጎማው በላይ ባለው ቅስት ጠርዝ ላይ ምስር የሚያካክሉ ሦስት አራት እብጠቶች አሉ።

የቀለም ውፍረት መለኪያ ተውሼ ለክቻለሁ። በማይክሮን፦ ጣሪያ 108፣ በተላጠው ቦታ 62፤ ኮፈን 115፤ የግራ በሮችና የግራ የኋላ ፓራፋንጎ ከ110 እስከ 125፤ የቀኝ የፊት በር 120፤ የቀኝ የኋላ በር 260፤ የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ በኩል 280 ሆኖ ወደ ቅስቱ ሲጠጋ 900። ሻጩ «ጣሪያውን ፖሊሽ ብታስደርገው ይመለሳል፣ የኋላው ትንሽ ጭረት ነበረች» ይላል። ጣሪያውን ባየሁት ቁጥር ልተወው ይሆን እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

ባትላሜራው

የፈራኸውና ያመንከው ቦታ ተለዋውጦብሃል ወንድሜ። ያ የሚያስጠላ ጣሪያ የመኪናው እውነተኛ ክፍል ነው። ከ108 ላይ 62 ስትቀንስ 46 ማይክሮን ይቀራል፤ ይህ የፋብሪካ ክሊር ውፍረት ነው። የቀረው 62 ደግሞ የሥሩ ፀረ ዝገት፣ ከከለሩ በፊት የሚረጨው ፕራይመርና ራሱ ከለሩ አንድ ላይ ነው። ማለትም ጣሪያው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አልተነካም። የተገለበጠ መኪና ጣሪያ እንዲህ አያነብም።

የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ90 እስከ 150 ማይክሮን ውስጥ ነው። ከ200 እስከ 300 ካነበበ በአሮጌው ላይ አንድ ጊዜ ተደርቦ ተቀብቷል። ከዚያ በላይ እየወጣ ሲሄድ ስቱኮ (የላሜራ ጉድጓድ መሙያ) መኖሩን ያስጠረጥራል። 900 ራሱ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም፤ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስቱኮ ነው፣ ደህና የተመታ ሥርጉዳትም ይህን ያህል ማስተካከያ ይፈልጋል። የሚያሳስበው ስቱኮው ከእብጠቶቹ ጋር አንድ ቦታ መገኘቱ ነው።

አሁን መለየት ያለብህ በቡሎን የሚታሰረውንና የሚበየደውን ነው። ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎ፣ በር፣ የኋላ ኮፈን በቁልፍ ይፈታሉ፤ ቢቀቡም ቢቀየሩም መኪናውን አይጎዱም። የኋላ ፓራፋንጎ ግን ከጣሪያው፣ ከኋላ መስታወቱ ምሰሶና ከበሩ ደፍ ጋር የተበየደ አንድ ላሜራ ነው። እሱን ለመቀየር መቁረጥ የግድ ነው፤ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ምሰሶው ላይና ደፉ ላይ ነው። ስለዚህ ተመልሰህ ሂድና የቀኙን ምሰሶ ከጣሪያው ወደ ታች በየ3 ሴንቲሜትሩ ለካ። ቁጥሩ 130፣ 130 እያለ መጥቶ ጣት በሚያህል ስፋት ላይ ድንገት 1000ን ካለፈና እንደገና ከወረደ፣ ላሜራው እዚያ ተቆርጦ ተበይዷል። ደፉንም እንዲሁ።

ቀጥሎ የኋላ ኮፈኑን ከፍተህ ምንጣፉን አንሳ፣ ስኮርታ ጎማውን አውጣ። በላሜራ መጋጠሚያዎች ላይ ያለውን ማሸጊያ ግራና ቀኝ አስተያይ። የፋብሪካው በማሽን የተሳበ ነው፣ ስፋቱ አይለዋወጥም፤ በብሩሽ ወይም በጣት የተቀባ ከሆነ ያስታውቃል። የበሩን ጎሚኒ ነቅለህ ጠርዙን ስታይ ደግሞ የፋብሪካ ነጥብ ብየዳ ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ርቀቱ የተመጠነ ሆኖ ታገኘዋለህ። በመፍጫ ተላግቶ ልሙጥ የሆነ ጠርዝ ካየህ ሰው ገብቶበታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የቀኝ የፊት ፓራፋንጎን አልለካኸውም። ግራው መብራት ቢጫ ሆኖ ቀኙ ጥርት ያለው ቀኙ ስለተቀየረ ወይም ስለተላገ ሊሆን ይችላል። ባምፐሩም ተቀብቷል። ኮፈኑን ክፈትና የቀኝ ፓራፋንጎ ቡሎኖችን ራስ ተመልከት፤ ቁልፍ የገባበት ቡሎን ማዕዘኑ ላይ ቀለሙ ይፈነከታል። የራዲያተሩን ደጋፊ ላሜራም አብረህ እይ፤ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ምቱ ከባምፐር አልፏል።

ቀለም ቀቢ

ባትላሜራው ያለው እንዳለ ሆኖ ስለ ፖሊሹ ልጨምር። የሻጩ ቃል ስህተት ነው። ክሊር ከለሩን ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ነው። ፀሐይ ለዓመታት ሲቀቅለው ይሰነጠቅና ከከለሩ ጋር ያለው መያያዣ ይለቃል። በተላጠው ቦታ የሚያበራ ነገር ስለሌለ ፖሊሽ ምን ላይ ይሥራ? ይባስ ብሎ ማሽኑ የላላውን ጠርዝ እየያዘ ልጣጩን ያሰፋዋል። ኮፈኑ ላይ ያለው ግን ምናልባት ይድናል። በውሃ አርጥበው፤ እርጥብ እያለ ከለሩ ተመልሶ ሲደርቅ የሚነጣ ከሆነና በጥፍር ስትዳስሰው እርከን ከሌለው፣ ክሊሩ ላይ ላዩን ደርቆ ነው። ኮምፓውንድ (ላዩን የሚፈትግ ማለስለሻ ቅባት) ሊያነሳው ይችላል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ከ40 ማይክሮን ላይ እያነሱ ስንት ጊዜ ይኬዳል?

የተላጠ ጣሪያ ላይ ክሊር ብቻ ደርቦ መርጨት ደግሞ ሁለተኛው የተለመደ ማታለያ ነው። የተላጠው ጠርዝ ከሥር እንደ ካርታ መስመር ይታያል፣ በጥቂት ወራት ውስጥም አሮጌው ክሊር አዲሱን ይዞት ይነሳል። ትክክለኛው አሠራር ጣሪያውን ሙሉ ነው፦

መጀመሪያ በቅባት ማስለቀቂያ ይጠረጋል፣ ከዚያ ነው መላግ። ቅባቱን ሳያነሱ ከላጉት ብርጭቆ ወረቀቱ ሲሊኮኑን ከጭረቱ ውስጥ ይከተዋል፣ በኋላ ቀለሙ ላይ ዓሣ ዓይን የሚመስሉ ክብ ጉድጓዶች ይወጣሉ። በቁጥር 320 ተጀምሮ ጠርዙ በጥፍር እስከማይታወቅ ይላጋል። ላሜራው ከታየ ኤፖክሲ (ላሜራውን ከዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ሽፋን)፣ ከዚያ ፕራይመር ሁለት እጅ። ፕራይመሩ በ500 ወይም 600 ይጨረሳል፤ ሜታሊክ ከዚህ የሻከረ ጭረት አይሸፍንም። ከለሩ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቀጠን ብሎ ይረጫል፣ በየመሀሉ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ እስኪደበዝዝ። እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው ቲነሩን ከሥር ያፍነዋል፤ በሙቀት ጊዜ ሲወጣ ክሊሩን የመርፌ ጫፍ በሚያካክሉ ቀዳዳዎች ይበሳሳዋል። መጨረሻ ክሊር ሁለት እጅ።

ሴዳንህ ጣሪያው ግራና ቀኝ ላይ ጥቁር የጎማ ወይም የፕላስቲክ መስመር ካለው ዕድለኛ ነህ፤ ከሥሩ የጣሪያውና የጎኑ መጋጠሚያ ስላለ ቀለሙ እዚያ ላይ ሊቆም ይችላል። ግን መስመሩ ይነቀል። በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ የሚረጭ ሰው ጠርዝ ይተዋል፣ መላጡም ከዚያ ጠርዝ ይጀምራል። ያ መስመር ከሌለ ክሊሩ ምሰሶዎቹን ይዞ መውረድ አለበት።

ባምፐሩ ቀላል ነው። ፕላስቲክ ያለ ማያያዣ ፕራይመር ተረጭቶ ነው እንደዚያ በቁራጭ የሚገነጠለው። በላዩ መደረብ አይሆንም፤ የላላው ሁሉ እስኪያልቅ ይነሳል፣ በሻካራ ስፖንጅ ተፈትጎ ማያያዣው ከተረጨ በኋላ ወደ ከለር ይኬዳል። የመብራቱንም ቢጫ በ800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 ከውሃ ጋር ልገህ ካላሸግኸው በጥቂት ወራት ይመለሳል፤ የላግኸው የፋብሪካውን የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ነውና ምትክ ክሊር ይፈልጋል።

ማጠንከሪያ ያለው ክሊር በቤትህ ልርጭ ብትል፣ ተራ የአቧራ ጭንብል አይሆንም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ሳንባን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ነው የሚመከረው።

ማይክሮን

ስለ መለኪያው አጭር ነገር። ሳትጀምር አብሮት በሚመጣው ብረት ላይ ዜሮ አድርገው። በአንድ ላሜራ ላይ ቢያንስ አምስት ቦታ ለካ፤ ጠርዝና እጥፋት ላይ የሚነበበው ያሳስታል። ኮፈንህ 115 ስላነበበ እንጂ አንዳንድ ሴዳን ላይ ኮፈኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ብረት ብቻ የሚለይ መለኪያ ምንም አያነብም፣ ማግኔትም አይዝም፤ ሰው ይህን አይቶ «ሙሉ ስቱኮ ነው» ሲል ይሰማል። ባምፐር ላይማ መለካትም አያስፈልግ።

በሮቹን ስትከፍት ከሥር ጠርዙ ላይ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ነካ ነካ አድርጋቸው። በመስታወቱ በኩል የሚገባ ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። 260 ያነበበው በር ላይ ቀዳዳዎቹ በቀለም ወይም በማሸጊያ ተደፍነው ከሆነ በሩ ከውስጥ መበስበስ ጀምሮ ይሆናል፣ ከውጭ ገና ባይታይም።

ሴዳን ፈላጊ

ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ በጣም አመሰግናለሁ። የቀኝ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች 125–135 ነው፣ ዝላይ የለም። ደፉም 120 አካባቢ። የኋላው ማሸጊያ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ነው። የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ 118 ቢሆንም ቡሎኖቹ ተነክተዋል፤ የራዲያተሩ ደጋፊ ግን ቀጥ ያለ ነው። የበሩ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው። መጥፎው ዜና፦ ከጎማ ቤቱ ውስጥ እጄን አስገብቼ የቅስቱን ጠርዝ ከኋላ ስዳስሰው ቅርፊት ይረግፋል። በካቻቢቴ ስነካው ሁለት ቦታ ዘልቆ ገባ። ስኮርታ ጎማው ሥርም አንድ ጣት የሚሆን ውሃ ተኝቷል።

ባትላሜራው

እንግዲያው ነገሩ ጠራ። የኋላው ፓራፋንጎ አልተቀየረም፣ የፊቱም ከፋብሪካ የመጣው ሆኖ መብራት ሲቀየር ወይም ሲስተካከል ተፈትቷል። ኋላ በኩል ተመትቶ ወይም ዝጎ ስቱኮ ተለብጧል፣ ዝገቱ ግን ከውስጥ ሥራውን ቀጥሏል። እጥፋቱ ውስጥ ጭቃ ይያዛል፣ ጭቃው እርጥበት ያቆራል፣ ስቱኮም ውሃ ይመጥጣል። ከውጭ ምስር ያካከሉት እብጠቶች ከውስጥ የመዳፍ ስፋት ሊኖራቸው ይችላል።

ጥገናው መቁረጥ ነው። ጤነኛ፣ የሚያብለጨልጭ ላሜራ እስኪመጣ፣ ከዝገቱ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ታልፎ ይቆረጣል፤ በ0.8 ሚሊሜትር ላሜራ ይተካል፣ አንድ ነጥብ እዚህ አንድ ነጥብ እዚያ እየተዘለለ ይበየዳል። በአንድ ሩጫ ከተበየደ ላሜራው በሙቀት ይጨማደድና ያ ሁሉ እንደገና በስቱኮ ይሞላል። ከዚያ ኤፖክሲ ሁለት እጅ፣ ስቱኮው ከኤፖክሲው በላይ፣ ማጠንከሪያው በክብደት 2 በመቶ ገደማ። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማጠንከሪያ የሚያበዛ ሰው ካጋጠመህ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ እድፍ ከቀለሙ ላይ ወጥቶ ታየዋለህ። ስቱኮ በደረቁ ይላጋል፣ በውሃ አይነካም። ቀለሙ ካለቀ በኋላ ከዕቃ መጫኛው በኩል በእጥፋቱ ውስጥ የፀረ ዝገት ሰም ይረጭ፤ ይህን የሚዘልል ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ተወው ማለት ነው። ነዳጅ መሙያው በዚያ በኩል ከሆነ ቱቦው ሳይነሳ፣ ባትሪውም ሳይፈታ ብየዳ አይጀመር።

ውሃውን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አግኝ። ስኮርታ ቤቱን አድርቅ፣ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፣ አንተ በጎማ ቱቦ ውሃውን ቀስ ብለህ ከታች ወደ ላይ አፍስ፦ መጀመሪያ ባምፐሩ ጋ፣ ከዚያ የኋላ መብራቶቹ ዙሪያ፣ ከዚያ የኋላ ኮፈኑ ጎሚኒ፣ መጨረሻ የጣሪያው መጋጠሚያ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ምንጩን አትለየውም። በብዛት የማየው የኋላ መብራት ጎሚኒ ነው፤ መብራቱ በሁለት ሦስት ዳዶ ነው የሚፈታው።

ዋጋ ስትነጋገር ጣሪያውን፣ ቅስቱንና ባምፐሩን ለየብቻ አስገምት። ሻጩ «ሁሉንም እኔ አስቀብቼ ልስጥህ» ካለህ እምቢ በል። ቅስቱ ተቆርጦ ሳታየው ከተቀባ ዛሬ ካቻቢቴ የገባበትን ቦታ ዳግመኛ አታገኘውም።